የመጨረሻው ሩብ

እ.ኤ.አ. ከ1961 በፊት የተሠራ ቮልስ የነዳጅ ጌጅ አልነበረውም። ፍጥነት የሚያሳይ አንድ ክብ ሰሌዳ፣ በሆዱ የኪሎ ሜትር ቁጥሮች፣ ጥቂት ጥቃቅን መብራቶች፤ በቃ። ቤንዚን ስንት እንደቀረ የሚናገር ነገር ዳሽቦርዱ ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። በምትኩ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ እግር በሚዘረጋበት በኩል፣ ወደ ሦስት አቅጣጫ የምትዞር ትንሽ እጀታ ነበረች፤ አንዱ ክፍት፣ አንዱ ዝግ፣ ሦስተኛው መጠባበቂያ። ሞተሩ መንገድ ላይ ማሳል ሲጀምር ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ፣ የለመደው ደግሞ በጫማው ጫፍ፣ እጀታዋን ወደ መጠባበቂያ ያዞራታል፤ መኪናው ትንሽ ተንገራግጮ ነፍስ ይዘራል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የቀረው 5 ሊትር ገደማ ነው፤ ይህንንም ሾፌሩ በእጁ ስላደረገው ያውቀዋል። የቮልስን ዘመን የሚያስታውሱ የአዲስ አበባ ሰዎች ስለ ድምፁ፣ ከኋላ ስለተቀመጠውና ራዲያተር ስለማያውቀው ሞተሩ ሲያወጉ ይመሻል፤ ይህችን እጀታ የሚያነሳት ግን ጥቂት ነው። ከዚያ መኪና ትዝታ ሁሉ ዛሬም የሚሠራ ቁም ነገር የማገኘው እኔ እሷ ላይ ነው።

የተሠራችበት ዘዴ ቀላል ነው። 40 ሊትር በሚይዘው ታንከር ውስጥ ቤንዚን የሚወጣባቸው ሁለት አፎች አሉ፤ አንደኛው ከወለሉ ከፍ ብሎ የቆመ ቀጭን ቱቦ፣ ሌላው እታች ወለሉ አጠገብ ያለ ቀዳዳ። እጀታዋ ክፍት ላይ ስትሆን ሞተሩ የሚጠጣው በረጅሙ ቱቦ ነው፤ ቤንዚኑ ከቱቦው አፍ በታች ሲወርድ ይቋረጥበታል። መጠባበቂያው እዚያው ታንከር ውስጥ ተኝቶ፣ ሾፌሩ ካልፈቀደ በቀር የማይነካ ቤንዚን ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ሾፌሩ በሂሳብ ይከታተለዋል። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ይፈጃል ብንል፣ ከመጠባበቂያው በላይ ያለው 35 ሊትር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፤ መጠባበቂያው ደግሞ 60 ገደማ። ስለዚህ የቮልስ ባለቤት ሲቀዳ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ያይ ነበር፤ አንዳንዱ በቃሉ ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል። ከተጠራጠረ የፊቱን ኮፈን ይከፍታል፤ የነዳጁ ክዳን እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ የሚገኘው ኮፈኑ ሥር ነበርና ንጹሕ ዘንግ ሰዶ የረጠበውን ማየት ነው።

የምከራከርለት ነገር አጭር ነው፤ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው የታንከሩን የመጨረሻ ሩብ እንደሌለ ይቁጠረው፤ ከሩብ በላይ ያለውንም ከቀስቱ ይልቅ በሄደው ኪሎ ሜትር ይለካው። ሁለቱም ቮልስ ላይ ወድዶ ሳይሆን በግድ የሚደረግ ነበር። ጌጁ መጣና ግዴታውን አነሳለት፤ ግዴታው ሲነሳ ልማዱም አብሮ ሄደ። ዛሬ በየመንገዱ ዳር ቆሞ የምናየው፣ ባለቤቱ የውኃ ፕላስቲክ ይዞ ወደ ማደያ የሮጠለት አሮጌ ኮሮላ፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራ የሚመስል ጌጅ ያለው መኪና ነው።

ጌጅ የምንለው ሁለት ዕቃ ነው፤ አንዱ ታንከር ውስጥ፣ ሌላው ዳሽቦርድ ላይ፣ መሀላቸው ሽቦ። ታንከር ውስጥ ያለው በክንድ ጫፍ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ ነው። ቤንዚኑ ሲወርድ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ክንዱ ያዘነብላል፣ ክንዱ ሥር ያለችው ትንሽ የብረት ምላስ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ላይ እየፋቀች ትንሸራተታለች፤ ምላሷ በቆመችበት ልክ ወደ ዳሽቦርዱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል ወይም ያንሳል፣ ቀስቱም ያንን ተከትሎ ይቆማል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሊትር የሚቆጥር አንድም ዕቃ የለም፤ የሚለካው የአንዲት ክንድ ዝንባሌ ነው። ታንከሩም ቀጥ ያለ ሣጥን አይደለም፤ ወንበር ሥር ወይም ጎማ አጠገብ እንዲገባ ተብሎ የተጣመመ ነው። በብዙ አሮጌ መኪና ቀስቱ ፉል ላይ ተጣብቆ ብዙ መንገድ ሄዶ፣ ከግማሽ ሲወርድ የሚጣደፈው ለዚህ ነው። ይህ እንኳ ገና አዲስ ሳለ የነበረ ጠባዩ ነው። ሲያረጅ ተንሳፋፊው ይበሳና ቤንዚን ጠጥቶ ይሰምጣል፤ ታንከሩ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይዝግና ኤሌክትሪኩ ይዛባል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መስታወት በጣት ኳ ኳ ካልተደረገ ቀስቱ አይነቃነቅም። ተበስቶ የሰመጠው ተንሳፋፊ ከሁሉ ይሻላል፤ ሁልጊዜ ባዶ ነው ስለሚል ማንንም መንገድ ላይ አያስቀርም። የሚያስፈራው ቤንዚን ሳይኖር አለ የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር እዚህ አለ። ምላሷ ሽቦውን የምትፍቀው መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ ነው፤ ቤንዚኑ ሲናጥ እሷም ወዲያ ወዲህ ትላለች። ታንከሩ ከሩብ በላይ በማያልፍ መኪና ላይ ምላሷ ዓመት ከዓመት የምትፍቀው ያንኑ የታችኛውን ጫፍ ነው። ታንከሩ በሞላ ቁጥር በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ይደርስ የነበረው መፋቅ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ በጭላጭ የሚነዳ ሰው ጌጁን የሚያበላሸው በጣም በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ነው፤ ፉልና ግማሽ ላይ በትክክል የሚናገር፣ ሩብ ላይ ሲደርስ ግን የሚዋዥቅ ጌጅ ይሠራል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሲሸጥ የሚገዛው ሰው ቀስቱ ሲንቀሳቀስ አይቶ ይሠራል ብሎ ያምናል።

ነዳጅ ሲጎድል የሚበራው መብራትስ? ከሰይቼንቶ መኪኖች ቀጥለው የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ታክሲነት የወረሱት ላዳዎች መብራት ነበራቸው። ላዳ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ቶልያቲ ከተማ፣ ከፊያት 124 ተወስዶ የተሠራ መኪና ነው፤ 39 ሊትር ይይዛል፣ ከ4 እስከ 6 ሊትር ገደማ ሲቀረው ቀይ መብራት ያበራል። በሐሳብ ደረጃ ይህ የቮልስ እጀታ ምትክ ነው፤ ልዩነቱ እጀታዋ መኪናውን ታስቆመዋለች፣ መብራቱ ግን ለምኖ ዝም ይላል። ከጠዋት እስከ ማታ በጭላጭ በሚሠራ ታክሲ ላይ መብራቱ ከጌጥ አይለይም፤ ሾፌሩ ካየው ሰንብቷል። አምፖሉ የተቃጠለ ዕለት ደግሞ ማንም አያውቅም፤ አለመብራቱ እንደ መልካም ዜና ይቆጠራል።

የአገሩን ቁልቁለትና ዳገት እንጨምርበት። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 40፣ ከፍታው 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ታንከር እናስብ፤ 43 ሊትር ይይዛል። 5 ሊትር ሲቀር፣ ሜዳ ላይ፣ ጥልቀቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው 10 በመቶ ዳገት ሲወጣ ያው 5 ሊትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በኋለኛው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠልቅና ወደ ፊት እየሳሳ ሄዶ የፊተኛውን 10 ሳንቲ ሜትር ወለል ደረቅ ይተወዋል። ቤንዚን የሚስበው ቱቦ እዚያ በኩል ከሆነ የሚስበው አየር ነው። መሀል ላይ ቢሆንም አንድ ጠመዝማዛ፣ አንድ ድንገተኛ ፍሬን በቂ ነው። ሩብ ታንከር፣ ማለትም 11 ሊትር ገደማ፣ ሲኖር ግን በዚያው ዳገት ላይ ቀጭኑ ጫፍ እንኳ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይቀርለታል፤ ወለሉ ሙሉ በሙሉ እንደተሸፈነ ነው። ሩብ የምለው ስለዚህ በግምት የመጣ ቁጥር አይደለም። እንጦጦን መውጣትና መውረድ ይህን ለማየት ይበቃል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ ታንከሩን መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ለረጅም ጊዜ አዘንብሎ ያቆየዋል። ቀስቱም በዚያው ልክ ይዋሻል፤ ተንሳፋፊው ባለበት በኩል ቤንዚኑ ሲሰበሰብ ከፍ ይላል፣ ሲሸሽ ይወርዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሾፌር አለ፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከሞተሩ የሚመጣ በመሆኑ ጥቂት ከረገጠ በኋላ እግሩ ሥር ድንጋይ የረገጠ ይመስለዋል።

አሁን የሚነሳብኝን ተቃውሞ ላንሳ። ታንከር ሲጎድል ቆሻሻው ይሳባል የሚባለውን ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ ሲያስረዳም ከጠላ ጋን ጋር ያመሳስለዋል፣ ጋኑ ሲያልቅ አተላው ይመጣል ይላል። ይህን የሚነቅፉ መካኒኮች አሉ፣ ነቀፋቸውም ልክ ነው፤ ጠላ የሚቀዳው ከላይ ነው፣ መኪና ግን ታንከሩ ቢሞላም ባይሞላም የሚስበው ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ ነው። አተላውን ሲጠጣ የኖረው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ጥሩ ነገር በደካማ ምስክር ያስመሰክራል። የሚተርፈው ነገር ግን አለ። ታንከሩ ሲሞላ የላዩ ቤንዚን ቢናጥም ታችኛው ብዙም አይረበሽም፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲቀር ግን ጠቅላላው ይናጣል፣ ወለሉ ላይ የተኛው ዝገት ይነሳል። ውኃም ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ በ30 ሊትር ሥር ሲተኛ ጸጥ ይላል፣ በ3 ሊትር ውስጥ ሲናጥ ግን ካርቡሬተር ይደርሳል። ስለዚህ ቆሻሻው በጭላጭ ጊዜ አዲስ አይመጣም፤ የነበረው ነው ተሰብስቦ የሚመጣው። የ30 ዓመት ብረት ታንከር ላለው መኪና ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ፊልትሮ ለመዝጋት ይበቃል።

የውኃውን ነገር ግን ማጋነን ደግ አይደለም። ባዶ ታንከር ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውኃ ያንጠባጥባል ይባላል። በ20 ዲግሪ እርጥበት የጠገበ አየር በአንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው ውኃ 17 ግራም ገደማ ነው፤ 40 ሊትር አየር ስለዚህ ከአንድ ግራም በታች ይይዛል። በአንድ ሌሊት የሚንጠባጠበው ከቁጥር አይገባም። ውኃው የሚመጣው በብዛት ከሌላ ቦታ ነው፤ ጎማው ካረጀ ክዳን፣ ካልተጸዳ ጀሪካን፣ ከማደያው ጉድጓድ። ባዶ ታንከር የሚጎዳው ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ የሚቆም መኪናን ነው፤ ቤንዚን ያልሸፈነው ብረት ከዓመት ዓመት ይዝጋል፣ የዛገውም ሲወርድ ታች ይከማቻል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ መጀመሪያ 5፣ በኋላም 10 በመቶ ሲቀላቀል የአሮጌ መኪና ባለቤቶች የሰጉትም ያለ ነገር አልነበረም፤ ኢታኖል ውኃ ይስባል፣ የተጣበቀ ቆሻሻም ያላቅቃል። ያም ቢሆን ጥፋቱ የታንከሩ ዕድሜ ነው፤ ኢታኖሉ ያጋለጠው እንጂ የፈጠረው አይደለም።

ነዳጁ ጨርሶ ሲያልቅ የሚደርሰውን ደግሞ ማንም አይክደውም። በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ከሆነ፣ ድሮ ኤንትሬ ይሁን ዛሬ አይሱዙ፣ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር የገባበት ናፍጣ ግፊት አያነሳም፣ ስለዚህ ታንከሩ ቢሞላለት እንኳ ሞተሩ አይነሳም። ማሰሪያዎቹን አላልቶ፣ በእጅ ፖምፓ እየገፉ፣ አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ አየሩን ማስወጣት ነው፤ ረዳቱ እጁን በናፍጣ ታጥቦ የሚነሳበት ሥራ። በቤንዚን የሚሠራው ካርቡሬተር ያለው መኪና ይሻላል፤ ግን ፖምፓው ከታንከር ስቦ ካርቡሬተሩን እስኪሞላ ድረስ ሞተሪኖው ይንገላታል፣ ባትሪውም አብሮ። የአዲስ አበባ ከፍታ ነገሩን ያባብሰዋል፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ስለሆነ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ከሞተር ሙቀት አጠገብ በሚያልፍ ቱቦ ውስጥም በቀላሉ እንፋሎት ይሆናል። የተረፈውን ቤንዚን ወደ ታንከር የሚመልስ ቱቦ ባለው መኪና ደግሞ ጥቂት ቤንዚን ቶሎ ይሞቃል፣ ብዙው ግን ሙቀቱን ተካፍሎ ይይዘዋል። ከ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ወዲህ የመጡት፣ ዛሬ እነሱም በተራቸው ያረጁት መኪኖች ደግሞ የኤሌክትሪክ ፖምፓቸው ታንከር ውስጥ ነው ያለው፤ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው የሚስበው ቤንዚን ራሱ ነው። አየር እየሳበ የሚውል ፖምፓ ዕድሜው ያጥራል፤ ሲሞት ደግሞ እንደ ጌጁ እየዋዠቀ ሳይሆን ድንገት፣ መንገድ መሀል ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ችኮላ አያስፈልግም። ታንከር መሙላት የደላው ሰው ወሬ ነው፣ ለዕለት እንጀራ የሚሮጥ ሰው የሚቀዳው ኪሱ እንዳለው ነው ይባላል። ግን ሁለት ሾፌሮች እናስብ፤ ሁለቱም በቀን 10 ሊትር ያቃጥላሉ። አንደኛው ጠዋት 12 ሊትር ይዞ ወጥቶ ማታ በ2 ሊትር ይገባል፤ ሁለተኛው በ22 ወጥቶ በ12 ይገባል። ሁለቱም በየቀኑ የሚገዙት ያንኑ 10 ሊትር ነው፣ የሚከፍሉትም አንድ ነው። ልዩነታቸው ሁለተኛው አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ 10 ሊትር ተጨማሪ መግዛቱ ነው፤ እሱም አልጠፋም፣ ታንከሩ ውስጥ ተቀምጧል። ዋጋ ሲጨምር ደግሞ በድሮው ዋጋ የተገዛ ሆኖ ይቆያል። ያንን 10 ሊትር በአንድ ቀን የማይችል በየቀኑ አንድ አንድ ሊትር እየጨመረ ሊደርስበት ይችላል። በጭላጭ መንዳት ገንዘብ ያተርፋል የሚለው ስሜት የሚመጣው የማደያው ክፍያ ስለሚታይና የፊልትሮው፣ የፖምፓው፣ የሞተሪኖው ሂሳብ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው።

ታዲያ ሂሳቡ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ታክሲዎች ለምን በጭላጭ ይሠሩ ነበር? ሾፌሮቹ ሂሳብ ስለማያውቁ እንዳይመስለን፤ በሳንቲም ደረጃ እንደነሱ የሚያሰላ ሰው ብዙ አልነበረም። መልሱ ያለው በውሉ ውስጥ ነው። በብዙ ታክሲ ሾፌሩ ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ቤንዚን ከሾፌሩ ኪስ ነው፣ ጥገና ከባለቤቱ። ማታ መኪናውን ሲያስረክብ ታንከሩ ውስጥ የተረፈው ቤንዚን ለሌላ ሰው የተተወ ገንዘብ ነው፤ ነገ ሌላ ሾፌር ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ ብልህ ሾፌር አስልቶ በጠብታ ይገባል። ጭላጩ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ግን ቤንዚን የእኔ ጉዳይ አይደለም ይላል። በሁለቱ መሀል የታንከሩ የመጨረሻ ሩብ ባለቤት አልባ ይሆናል። መፍትሔው ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ሙሉ አድርጎ ያስረክብ፣ ሾፌሩም ማታ ማደያ ገብቶ አፉ ድረስ ሞልቶ ይመልስ። የሚከፍለው የዕለቱን ፍጆታ ብቻ ነው፤ ጌጅም አያከራክርም፣ የሚመሰክረው የማደያው ቆጣሪ ነው። ይህን ያደረገ ባለቤት ቢኖር ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልብ ባመሰገንኩት።

የዘመኑ ታሪክም ልማዱን አግዞታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ጨመረ፤ የካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ ያቆሙት ዋጋው ሲጨምር የጉዞው ታሪፍ ባለመጨመሩ ነበር፤ የአብዮቱ ዋዜማ ከሚታወስባቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። በደርግ ዘመን ደግሞ ቤንዚን በኩፖን መጣ። ኩፖን ያለው ሰው ጌጅ አያምንም፤ ቁጥር ነው የሚያምነው፣ የቀረውን ኩፖንና የሚሄድበትን መንገድ አስልቶ ይነሳል። በሶቭየት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ሲዘጋ፣ ቀጥሎም የኤርትራ ጦርነት መጥቶ መስመሩ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ የአገሪቱ ነዳጅ በቦቴ ተራ ላይ የቆመ ሆነ። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ማደያው ደጅ ሰልፍ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ክፍያው በስልክ ሆኗል፤ ሰልፉ ግን በስልክ አልሆነም።

ከዚህ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ሰልፉ እንዲህ ከሆነ ሩብ በደረሰ ቁጥር መሰለፍ ቀን ማባከን ነው፣ ካልቀረ እስኪያልቅ ነድቶ አንድ ጊዜ መሰለፍ ይሻላል የሚል። ሰልፉን የሚያሳንሰው ግን የምንቀዳበት መጠን ነው፤ አሥር አሥር ሊትር የሚቀዳ ሰው ከሩብም ቢቀዳ ከባዶ የሚሰለፈው እኩል ነው፣ ሞልቶ የሚሄድ ደግሞ ሩብ ላይ ቢመለስም ሦስት አራተኛ ታንከር ተጠቅሟል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ሩብ ያለው ሰው ረጅም ሰልፍ ሲያይ አልፎ ይሄዳል፣ ሌላ ማደያ ይሞክራል፣ ማታ ይመለሳል። መብራት የበራበት ሰው ያገኘው ሰልፍ እስረኛ ነው። ትንሽ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ሊበላ ይችላል፤ ተራው ሲደርስ እየተገፋ ወደ ቀጂው የሚቀርብ መኪና ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ስርቆትን የሚያነሱም አሉ፤ ታንከር ሙሉ ሲያድር በጎማ ቱቦ ይሳባል ይላሉ። ቁልፍ ያለው ክዳን ለዚያ ነው።

የቀረው ተቃውሞ የትዝታ ነው፣ እሱም እኔን ራሴን የሚነካ ነው። የድሮ ሰው ጥንቁቅ ነበር የሚለው ነገር ለሰሚ ይጣፍጣል እንጂ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቮልስም መንገድ ላይ ይቆም ነበር። እጀታዋ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባት፤ መጠባበቂያው ውስጥ የገባ ሾፌር ማደያ ደርሶ ከቀዳ በኋላ ወደ ክፍት መመለስ አለበት። ከረሳ ታንከሩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ በታችኛው ቀዳዳ ይፈስሳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሞተሩ ሲያስል የሚዞርለት መጠባበቂያ የለም። 60 ኪሎ ሜትርም ከአዲስ አበባ ውጪ ሲሆን ብዙ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ አዳማ 100 ገደማ ነው። ፋብሪካው እጀታዋን በጌጅ የተካው ያለ ምክንያት አልነበረም፣ በተተካችበት ቀን ያዘነ ሾፌርም የነበረ አይመስለኝም። ስለዚህ የድሮውን ሾፌር ከዛሬው አስበልጬ አላይም። የምለው እጀታዋ ባለችበት መኪና አለማወቅ የማይቻል መሆኑን ነው፤ ዛሬ ግን አለማወቅ ይቻላል፣ ቀስቱ ያወቅን ስላስመሰለን።

አዲሱ መኪና ይህን ሁሉ ይፈታዋል ለሚል ሰው መልሱ ያለው በቀረጡ ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ማስገባት ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ስለዚህ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፣ ጌጃቸውም አብሯቸው ያረጃል፤ ለአንዳንዱ ሞዴል ደህና ተንሳፋፊ ከነክንዱ ማግኘት ከወዲሁ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ መሄድ ይጠይቃል፣ የሚገኘውም ከሌላ አሮጌ መኪና የተነቀለ ነው። ሂሳቡን ለመጀመር ግን መለዋወጫ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ አፉ ድረስ መሙላት፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ መመለስ፣ መቁጠሪያ ከሌለው ቁጥሩን ጽፎ ፀሐይ መከላከያው ላይ መሰካት፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና አፉ ድረስ ሲሞላ የገባውን ሊትር ለሄደበት ኪሎ ሜትር ማካፈል። ከሦስት አራት ጊዜ በኋላ የመኪናው እውነተኛ ፍጆታ ይታወቃል፣ ቀስቱ የት ላይ ሲሆን ስንት ሊትር እንደሚቀርም እግረ መንገዱን ይገለጣል። ቁጥሩ አንድ ወር ድንገት ካሻቀበ ደግሞ ወይ ቱቦ ያንጠባጥባል፣ ወይ ካርቡሬተሩ ያበዛል፣ ወይ ፍሬን ተጣብቋል፤ ይህን የሚናገር ጌጅ ደግሞ በአዲሱም ዘመን መኪና ላይ ብዙ የለም።